ኢንዛይም፣ ናኖካፕሱልና ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሳይንቲስቶች ካንሰርን የሚያጠፋ ናኖካፕሱል ሠሩ» የሚል ዜና በየጊዜው ይዞራል። ሰው ሊንኩን ይልካል፣ ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ቤቱ ውስጥ የታመመ ሰው ያለበት ነው። ስለዚህ ሳላጋንንም ሳላናንቅም፣ የማውቀውን በቀጥታ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ ራሳችሁ ሕክምና ግን የሚወስነው የያዛችሁ ሐኪም ነው።

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ኢንዛይም ኬሚካላዊ ሥራን የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን ነው። ሆዳችን ውስጥ እንጀራውን የሚፈጩት፣ ጉበታችን ውስጥ አልኮሉን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ለካንሰር ሴል አደገኛ ናቸው። ሴሉ ያለሱ መኖር የማይችለውን ምግብ ያጠፉበታል፣ ወይም ውስጡ ገብተው ራሱን እንዲገድል ያደርጉታል።

ችግሩ ከውጭ የገባ ኢንዛይም ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። የሰውነታችን ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል። በሽታ የመከላከል ሥርዓታችንም ባዕድ መሆኑን አውቆ ይነሳበታል። ናኖካፕሱል ማለት እንግዲህ ለኢንዛይሙ የሚለበስለት በጣም ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከጥቃት ይጠብቀዋል፣ ከተሳካም ወደ ዕጢው ያደርሰዋል። «ከተሳካ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ፕሮቲን ካንሰር ሊገድል ይችላል? ማስረጃ አለው?

አለው፣ ያውም ከ60 ዓመት በላይ የቆየ። ታሪኩን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የናኖካፕሱሉ ሐሳብ ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

በ1953 ኒውዮርክ ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ጆን ኪድ የሚባል ተመራማሪ ሊምፎማ (የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር) ባለባቸው አይጦች ላይ የጥንቸል ሴረም ይሞክር ነበር። ሴረም ማለት ደም ከረጋ በኋላ ተለይቶ የሚቀረው ፈሳሽ ነው። ለሥራው አጋዥ እንዲሆን ደግሞ የጊኒ ፒግ ሴረም ይጨምርበታል። ለማነጻጸሪያ ያህል የጊኒ ፒጉን ሴረም ብቻውን የተወጉ አይጦች ነበሩ። የእነሱ ዕጢ ሟሟ። ከሌሎች እንስሳት የተወሰደ ሴረም ግን ምንም አላደረገም።

ምክንያቱ እስኪገኝ ስምንት ዓመት ፈጀ። በ1961 ጆን ብሩም አንድ የቆየ እውቀት አነሳ፦ የጊኒ ፒግ ደም አስፓራጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት እንዳለው ከ1922 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ዕጢውን የሚያጠፋው እሱ መሆኑን ብሩም አሳየ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አስፓራጂን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት፣ አለ። ጤነኛ ሴል ሲያጥረው ራሱ ይሠራዋል። አንዳንድ የደም ካንሰር ሴሎች ግን የመሥራት አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚጠብቁት። ኢንዛይሙ ደም ውስጥ ገብቶ አስፓራጂኑን ወደ አስፓርቲክ አሲድና አሞኒያ ይለውጠዋል። ጤነኛው ሴል ከሞላ ጎደል ሥራውን ይቀጥላል፣ የካንሰሩ ሴል ተርቦ ይሞታል።

ሴረሙን ከጊኒ ፒግ እየቀዱ ሰው ማከም አይቻልም። ደግነቱ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያም ይህን ኢንዛይም እንደሚሠራ ተገኘ፣ በ1978 ደግሞ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደው። ዛሬ በሕጻናት ላይ በብዛት የሚታየው አጣዳፊው የደም ካንሰር፣ ሀብታም አገሮች ውስጥ ከ10 ልጆች 9 ያህሉ የሚድኑበት በሽታ ሆኗል። ይህን ያመጣው የብዙ መድኃኒቶች ጥምረት ነው። አስፓራጂኔዝ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

የሚሠራ መድኃኒት ካለ ታዲያ ካፕሱል ለምን አስፈለገ?

ኢንዛይሙ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ከኢ ኮላይ እንዳለ የሚወሰደው፣ ደም ውስጥ ከገባ በአንድ ቀን ከምናምን ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ልጁ በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ መወጋት አለበት። ከዚያ ደግሞ አለርጂው አለ። የባክቴሪያ ፕሮቲን በተደጋጋሚ ሲሰጥ ሰውነት ይማረዋል፣ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። አንዳንዱ ልጅ ሽፍታ ይወጣበታል፣ አንዳንዱ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምንም ምልክት ሳይታይ የሚከሰተው ነው፦ ልጁ ደህና ይመስላል፣ መርፌውም ይሰጣል፣ ደሙ ውስጥ ግን ኢንዛይሙ ከሽፏል። ይህን ማወቅ የሚቻለው የኢንዛይሙን ሥራ በደም ምርመራ በመለካት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መላ ፔግ የሚባል ፖሊመር፣ ማለትም ትንንሽ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ ኢንዛይሙ ላይ መለጠፍ ነበር። በዚህ መንገድ የተሠራው ፔጋስፓርጌዝ በ1994 ተፈቀደ። መጀመሪያ አለርጂ ለያዛቸው ብቻ ነበር፣ በ2006 ሕክምና ለሚጀምሩትም ሆነ። እሱ ግማሹ እስኪጠፋ አምስት ቀን ተኩል ገደማ ስለሚቆይ አንድ መርፌ ለሁለት ሳምንት ያህል ይበቃል። ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ፔግ ራሱ በብዙ መዋቢያና መድኃኒት ውስጥ ስላለ አስቀድመው ፀረ እንግዳ አካል የሠሩበት ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ከሌላ ባክቴሪያ፣ ከኤርዊኒያ፣ የሚገኝ አስፓራጂኔዝ አለ። እሱ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ መጣ፦ ጥቂት ሰንሰለት ከመለጠፍ ይልቅ ኢንዛይሙን ሙሉ በሙሉ ብናለብሰውስ?

ካፕሱሉን እንዴት ነው የሚሠሩት? ምን ያህል ያንሳል?

ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይሆናል። ቀይ የደም ሴል ከ7,000 እስከ 8,000። አንድ አስፓራጂኔዝ ደግሞ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖካፕሱሎቹ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ናቸው።

አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። ከስብ ቅንጣቶች የሚሠራ ሊፖዞም አለ፤ ይህ አሮጌና የተፈተነ መንገድ ነው፣ ዶክሲል የተባለው የኬሞ መድኃኒት በሊፖዞም ተጠቅልሎ በ1995 ገበያ ገብቷል። እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን እያንዳንዷን ኢንዛይም ለየብቻ የማልበሱ ዘዴ ነው። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚሠሩት የዩንፈንግ ሉ ቡድን በ2010 ያሳተሙት ነው።

እንዲህ ይሠራል። ንጹህ ኢንዛይም ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የኢንዛይሙ ገጽ ላይ ላይሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። መጀመሪያ እነሱ ላይ ትንንሽ የኬሚካል መያዣዎች ይተከላሉ። ከዚያ ሞኖመር፣ ማለትም ፖሊመር የሚሠራባቸው ቅንጣቶች፣ ውሃው ውስጥ ይጨመራሉ። ቅንጣቶቹ ኢንዛይሙ ዙሪያ ይሰባሰባሉ። ማስጀመሪያው ኬሚካል ሲገባ እርስ በርስም ከመያዣዎቹም ጋር ይያያዙና ስስ መረብ ይሆናሉ። ኢንዛይም ሙቀት ስለሚያበላሸው ይህ ሁሉ በክፍል ሙቀት ወይም ከዚያ በታች ነው የሚካሄደው። ሥራው ሲያልቅ ያልተያያዘው ትርፍ ይታጠብና ይወገዳል።

ብልሃቱ ያለው መረቡን የሚያስተሳስረው አገናኝ ሞለኪውል ላይ ነው። መርጠህ ታስገባለህ። አንዱ አገናኝ አሲድ ሲያገኝ ይበጠሳል። ሌላው ግሉታታዮን የሚባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ሲያገኝ ይበጠሳል፤ ግሉታታዮን ደግሞ ሴል ውስጥ ከደም ይልቅ በብዙ መቶ እጥፍ ይበዛል። ሦስተኛው የተወሰነ ኢንዛይም ሲቆርጠው ብቻ ነው የሚከፈተው። ጭራሽ እንዳይከፈት ተደርጎም ሊሠራ ይችላል።

ጭራሽ ካልተከፈተ ኢንዛይሙ እንዴት ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያደናግራል፣ መልሱ ግን ደስ ይላል። ሽፋኑ እንደ ወንፊት ነው። አስፓራጂን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። ኢንዛይሙ ከአስፓራጂን ከ1,000 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ መውጣት አይችልም። ፀረ እንግዳ አካሉም ትልቅ ስለሆነ መግባት አይችልም። ምግቡ ይገባል፣ ውስጥ ይሰበራል፣ ስባሪው ይወጣል። የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ማግኘትም አያስፈልግም፤ ካፕሱሉ ደም ውስጥ እየዞረ ምግቡን ካጠፋ በቂ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶማስ ቻንግ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እያለ፣ በ1957፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ «ሰው ሠራሽ ሴል» ብሎ የጠራቸውን ስስ ከረጢቶች መሥራት ጀመረ። በ1971 አስፓራጂኔዝ የያዙ ከረጢቶቹ አይጥ ላይ የተተከለ ሊምፎማ እንዳያድግ እንዳዘገዩ አሳተመ። የእሱ ከረጢቶች በማይክሮሜትር የሚለኩ ነበሩ፣ ለደም ሥር በጣም ትልቅ። ሐሳቡን ወደ ናኖ ማውረድ ሌሎች አሥርተ ዓመታት ጠየቀ።

አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ኤሪቴክ፣ ሌላ መንገድ ሄደ። ካፕሱል አልሠራም። ከለጋሽ የተገኘ ቀይ የደም ሴል ወስዶ አስፓራጂኔዝ ውስጡ ከተተ። የሰው ሴል ስለሆነ አይጠረጠርም፣ ለሳምንታትም ይዞራል። በሌላው አስፓራጂኔዝ አለርጂ የያዛቸው የደም ካንሰር ታካሚዎች በደንብ ተቀበሉት። ከዚያ ለቆሽት ካንሰር ከ500 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተፈተሸ። በ2021 ውጤቱ ወጣ፦ ከኬሞው ጋር ተጨምሮ ዕድሜ አላራዘመም። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። መድኃኒቱ እዚያ መድረሱና ያ ካንሰር በዚያ መድኃኒት መሸነፉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሆኑ ነው።

የካንሰሩን ሴል ብቻ ለይቶ ያገኛል የሚባለውስ እውነት ነው?

ዜናዎቹ በጣም የሚያጋንኑት እዚህ ላይ ነው። «ልክ እንደ ሚሳይል» ይላሉ። ናኖካፕሱል ሞተር የለውም፣ አይንም የለውም። ደሙ ወደወሰደው ይሄዳል።

ወደ ዕጢው የሚገባበት ተስፋ ሁለት ነው። አንደኛው የዕጢው ደም ሥር በጥድፊያ ስለሚሠራ ግድግዳው ክፍተት አለው፤ ትንንሽ ቅንጣቶች በዚያ ያልፉና እዚያው ይከማቻሉ። ይህን ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን በ1986 አሳዩ፣ ከዚያ ወዲህ የናኖ ሕክምናው ሁሉ በእሱ ላይ ተመሠረተ። ሁለተኛው ካፕሱሉ ላይ የካንሰሩ ሴል የሚወደውን ነገር መለጠፍ ነው፦ ፎሊክ አሲድ፣ ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን ወይም ፀረ እንግዳ አካል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የዋረን ቻን ቡድን የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ በ2016 አሰላ። እንስሳት ላይ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው፣ በመካከለኛው ግምት፣ 0.7 በመቶ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። የቀረው ወዴት ሄደ? አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ላይ ነው የሚቀረው፣ ምክንያቱም እዚያ ያሉት በላተኛ ሴሎች ሥራቸው ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ባዕድ ነገር መዋጥ ነው። ካፕሱሉ ደም ውስጥ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ይለብሱታል፣ በስንት ልፋት የተለጠፈበትን መፈለጊያም ሊሸፍኑት ይችላሉ። በዚያ ላይ የአይጥ ዕጢ በሳምንታት ውስጥ ስለሚያድግ ደም ሥሩ በጣም ያፈሳል። የሰው ዕጢ በዓመታት ውስጥ ነው የሚያድገው፣ እንደ አይጡ አያፈስም።

መፈለጊያ የተለጠፈባቸው የናኖ መድኃኒቶች ላይ ብዙ ተስፋ ጥለው የነበሩ ኩባንያዎች ተጎድተዋል። ባይንድ ቴራፒዩቲክስ በ2016 ኪሳራ አወጀ። በዚያው ዓመት የጡት ካንሰር ላይ ይሞከር የነበረ ኤምኤም 302 የተባለ ሊፖዞም ከነባሩ ሕክምና እንደማይሻል ታይቶ ሙከራው ቆመ። ሁለቱም ኢንዛይም አልያዙም፣ ግን መንገዱ አንድ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ደም ውስጥ ቆይቶ የካንሰሩን ምግብ የሚያጠፋው ካፕሱል፣ ሴል ፈልጎ ይገባል ከሚባለው ካፕሱል ይልቅ ለታካሚ የቀረበ ነው።

ሴሉ ውስጥ መግባት ካለበትስ?

አንዳንዶቹ የግድ መግባት አለባቸው። ካስፔዝ 3ን ውሰዱ። ሴል ራሱን ሲገድል የመጨረሻውን ቆረጣ የሚያካሂደው ይህ ኢንዛይም ነው። ሴሉ ውስጥ በቀጥታ ብታስገባው ሴሉ ይሞታል። ከሴሉ ውጭ ግን ምንም አያደርግም። እዚያው ሎስ አንጀለስ የዪ ታንግ ቡድን ካስፔዝ 3ን በናኖካፕሱል አልብሶ ሴል ውስጥ ሲገባ ብቻ እንዲከፈት አደረገው፣ የላቦራቶሪ ሴሎችም ሞቱ።

መግባቱ ራሱ ሁለት በር አለው። ሴሉ ካፕሱሉን ሲውጥ በትንሽ ከረጢት አድርጎ ነው። ከረጢቷ ቀስ በቀስ አሲድ ይሆናል፣ መጨረሻዋም የሴሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ነው። ኢንዛይሙ ከመቃጠሉ በፊት ከዚያች ከረጢት ማምለጥ አለበት። ብዙው የሚቀረው እዚያ ነው። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ግሩም የነበረ ካፕሱል አይጥ ላይ ሲመጣ ቀዝቀዝ የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላ የሚፈራ ነገርም አለ። ካስፔዝ ጤነኛውንም ሴል ይገድላል። 0.7 በመቶ ዕጢው ጋ ደርሶ ብዙው ጉበት ላይ ከተቀመጠ፣ ጉበቱ ላይ የተቀመጠው እንዳይከፈት በደንብ መረጋገጥ አለበት።

ኢንዛይሙ ራሱ ካልገደለ፣ ሌላ መድኃኒት እንዲገድል ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ብልህ ሐሳብም ነው። መጀመሪያ ኢንዛይሙን ዕጢው ጋ ታደርሳለህ። ከዚያ ብዙም ጉዳት የማያደርስ መድኃኒት ትሰጣለህ። መድኃኒቱ ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ወደ ኃይለኛ ኬሞ ይቀየራል። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉሳይቶሲን ሳይቶሲን ዲአሚኔዝ በሚባል ኢንዛይም 5-ኤፍዩ ወደሚባለው የታወቀ ኬሞ ይለወጣል። የሰው ሴል ይህ ኢንዛይም የለውም፣ ባክቴሪያና እርሾ ግን አላቸው።

ለንደን ውስጥ የኬኔት ባግሾው ቡድን ኢንዛይምን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣብቆ ሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሶ ነበር። ትልቁ እንቅፋት እንደገና ያው ነው፦ ታካሚዎቹ በኢንዛይሙ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሠሩበት። ካፕሱል የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የሚገርመው ያ ኢንዛይም ከንቱ አልቀረም፤ ዛሬ ግሉካርፒዴዝ ተብሎ ሜቶትሬክሴት የሚባል ኬሞ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ኩላሊት ሲጎዳ ለማጽዳት ይሰጣል።

ከደም ካንሰር ውጭ ላሉትስ ኢንዛይም ሠርቷል?

በትንሹ። አርጂኒን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ የሚያጠፋ፣ ፔግ የተለጠፈበት ኢንዛይም አለ። ሜሶቴሊዮማ በሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ላይ ከኬሞ ጋር ተሞክሮ በ2024 ውጤቱ ታተመ። ኬሞ ብቻ የወሰዱት በመካከለኛው 7.7 ወር ኖሩ፣ ኢንዛይሙ የተጨመረላቸው 9.3 ወር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ለዚያ ካንሰር ትንሽም ቢሆን ብርቅ ነው። እዚህ ካፕሱል የለም፣ ሐሳቡ ግን ያው ማስራብ ነው።

ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ናኖካፕሱሉን ማግኘት እችላለሁ?

አትችሉም። ኢንዛይም የያዘ ናኖካፕሱል ለካንሰር ሕክምና ተፈቅዶ ገበያ ላይ አልዋለም። ያለው አስፓራጂኔዝ ነው፦ እንዳለ ከባክቴሪያ የሚወሰደው፣ ፔግ የተለጠፈበትና የኤርዊኒያው። «እኛ ጋ አለ» የሚል ክሊኒክ ካገኛችሁ፣ የትም አገር ይሁን፣ ገንዘባችሁን አትስጡ። ይህ እስኪመጣ ብሎ የተጀመረ ሕክምና ማቋረጥ ደግሞ በፍጹም። ያ ውሳኔ ሰው ይገድላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ሰዎች ምን ይመለከተናል?

ናኖው ገና ነው፣ አስፓራጂኔዙ ግን ይመለከታችኋል። ጥቁር አንበሳና ጅማ የሕጻናት ካንሰር የሚታከምባቸው ቦታዎች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ግዛ ይባላል፣ ወይም ከዲሲና ከዱባይ ዘመድ እንዲልክ ይጠይቃል።

አስፓራጂኔዝ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። በሻንጣ ተጠቅልሎ አሥር ሰዓት በረራ ላይ ከቆየ፣ ኤርፖርት ደግሞ ግማሽ ቀን ከታገደ፣ ብልቃጡ ሲታይ ያው ነው፣ ውስጡ ግን ሞቶ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ውስጥም አይገባም፤ ፈሳሹ ፔጋስፓርጌዝ በረዶ ከሆነ ወይም በኃይል ከተናወጠ መጣል አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። አታፍሩ።

ጥራቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብራዚል ውስጥ በ2017 የሕጻናት ካንሰር ሐኪሞች መንግሥት ባስመጣው አዲስ አስፓራጂኔዝ ላይ ጮኸው ነበር፤ ሲመረመር የሌላ ፕሮቲን ቆሻሻ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። በ2023 ደግሞ የምርመራ ጋዜጠኞች ከ90 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ 70,000 ያህል ልጆች ጥራቱ የጎደለ አስፓራጂኔዝ የማግኘት አደጋ ላይ መሆናቸውን ጻፉ። ይህ ያናድደኛል። ከ60 ዓመት በፊት የታወቀ መድኃኒት በጥራት ለልጅ ማድረስ ካልተቻለ፣ ናኖካፕሱሉ ቢመጣ ለማን ይደርሳል?

ልጄ አስፓራጂኔዝ እየወሰደ ነው። ምን ልጠብቅ?

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት እዚያው ሆስፒታል ቆዩ። ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ነርሷን ወዲያው ጥሩ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ደግሞ እነዚህን አትናቁ። ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የእይታ መለወጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም የአንድ እግር ወይም እጅ ማበጥ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛና ሽንት ከደጋገመ ስኳሩ ጨምሮ ይሆናል። አይን ቢጫ ከሆነ ጉበት ነው። «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አትደሩ።

ሐኪሙን ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ የሚሰጠው የትኛው ዓይነት ነው? አለርጂ ቢይዘው በምን ይተካል? የኢንዛይሙን ሥራ በደም መለካት ይቻላል? ሦስተኛው ብዙ ቦታ የለም፣ ግን ካለ ያንን ዝም ብሎ የሚከሽፈውን ችግር የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ኢንዛይም እንክብል ገዝቼ ብውጥስ? «ካንሰር ይፈውሳል» ተብሎ ይሸጣል።

አይሠራም። የምትውጡት ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ሆድ ደግሞ ፕሮቲንን እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ዕጢው ጋ አይደርስም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የቆሽት ካንሰር ላለባቸው ሰዎች በብዛት የቆሽት ኢንዛይም እንክብል ከልዩ አመጋገብና ከአንጀት እጥበት ጋር የሚሰጥ ሕክምና ነበር። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከኬሞ ጋር አነጻጸረው፣ በ2010 ታተመ። ታካሚዎቹ 55 ነበሩ፣ የሚፈልጉትን ራሳቸው መረጡ። ኬሞ የመረጡት በመካከለኛው 14 ወር ኖሩ። ኢንዛይም የመረጡት 4.3 ወር። ስቃያቸውም የባሰ ነበር። በዕጣ ያልተመደቡ ስለሆነ ጥናቱ እንከን አለው፣ ሆኖም በዚህ ልዩነት ፊት ለፊት ቆሞ እንክብሉን የሚሸጥ ሰው ላምነው አልችልም።

ምግብ አልፈጭ ሲላችሁ ሐኪም የሚያዘው የቆሽት ኢንዛይም ግን ሌላ ነው። እሱ ለምግብ መፈጨት ነው፣ ለዚያ ይሠራል፣ አታቋርጡት።

ካንሰር ጠፋ የሚል ዜና ሳነብ በምን ልመዝነው?

በመጀመሪያ የት ላይ እንደተሞከረ ፈልጉ። ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ከሆነ ገና ጅማሬው ነው። አይጥ ላይ ከሆነ ዕጢው ከሰው የተወሰደና የመከላከል አቅም በሌላት አይጥ ላይ የተተከለ መሆኑን እዩ፤ እንዲህ ያለች አይጥ ያንን የአለርጂ ችግር ልታሳያችሁ አትችልም። ሰው ላይ ከሆነ ስንት ሰው፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ ሰዎቹ ረዝመው ኖሩ ወይስ ዕጢው ብቻ አነሰ? ዜናው ከዚህ አንዱንም ካልመለሰ ሊንኩን ለታመመ ሰው አትላኩ።

ሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ውስጥ ለመግባት ገንዘብ ጠየቁኝ። ልክፈል?

አትክፈሉ። በትክክለኛ ሙከራ ውስጥ የሚሞከረውን መድኃኒት የሚሸፍነው አጥኚው ወገን ነው። ሙከራው በሕዝብ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ጠይቁ። የምትፈርሙት የስምምነት ወረቀት በምታውቁት ቋንቋ ሊነበብላችሁ ይገባል፣ በፈለጋችሁ ጊዜ የመውጣት መብታችሁም እዚያ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ያላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁን ወይም የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት አትፈርሙ። ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ሄዳችሁ ከሰው ጋር እንድትመክሩበት ካልፈቀዱ፣ እዚያው ተዉት።